ባቡሩ የት ይቆማል? ካፋና ያልተዘረጋው ሐዲድ

በ1890 ዓ.ም. መባቻ የካፋው የመጨረሻ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት ከፈጀ ጦርነትና በጫካ ከመሸሸግ በኋላ በአፄ ምኒልክ የጦር አዛዥ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት እጅ ወደቁ። በዚያው ሰሞን ከአገሩ ሌላኛ ጫፍ ባሻገር፣ ጅቡቲ ላይ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው የመጀመሪያው የምድር ባቡር ግንባታ ተጀመረ። ካፋና ባቡር በአንድ ዘመን የአዲሲቱ ኢትዮጵያ አካል ለመሆን ጉዞ ጀመሩ ማለት ይቻላል፤ እስከ ዛሬ ግን አልተገናኙም። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ከመቶ ዓመት በኋላ የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ምዕራባዊ ጫፉ ሰበታ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ ወልቂጤን፣ ጅማንና ጎጀብን አቋርጦ የካፋዋ ከተማ ቦንጋ የሚያደርሰው አስፋልት ብቻ ነው።

ሐሳቡ ግን በወረቀት ላይ ቆይቷል። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲያወጣ፣ ከአዲስ አበባ በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ፣ ከዚያም ወደ ጉራፈርዳና ዲማ አልፎ በደቡብ ሱዳን ድንበር ወደ ቦማ የሚያመራ መስመር በብሔራዊ የባቡር መረብ ውስጥ ተካቶ ነበር። ካርታ ያየ ሰው እንደሚረዳው ከጅማ ተነስቶ ጉራፈርዳ ለመድረስ ካፋን መንካት የግድ ነው ሊባል ይችላል። ዛሬም የጅማ–ሚዛን አውራ ጎዳና የሚያልፈው በቦንጋ በኩል ነው። እስካሁን በዚያ መስመር አንድም ሐዲድ አልተነጠፈም። ይህ መዘግየት ለካፋ ሰዎች ቁጭት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሌሎች አገሮችና የራሳችን የምሥራቅ ከተሞች ያለ ዝግጅት የተቀበሉትን ነገር ቀድሞ ለማሰብ የተገኘ ጊዜም ነው።

በአደባባይ ወሬ ባቡር ሁልጊዜ ልማት ያመጣል። የባቡር ታሪክ የሚናገረው ግን ትንሽ ውስብስብ ነው። ባቡር ሕዝብንና ሥራን ከአንዱ ቦታ ወስዶ ወደ ሌላው ያዛውራል። ማን እንደሚያተርፍ የሚወሰነው ደግሞ በአብዛኛው ባቡሩ በሚቆምበት ቦታ ነው።

ለዚህ ከድሬዳዋ የተሻለ ምስክር አይገኝም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ውል ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ መድረሻ ሐረር ነበረች። ሐረር ግንቧ የተከበረ፣ ገበያዋ የደራ፣ ከዘይላ ወደብ በሲራራ ነጋዴ የተሳሰረች ጥንታዊ ከተማ ናት። መሐንዲሶቹ ግን የሐረርን ተራሮች ቀና ብለው አይተው ወጪውን ፈሩ። ሐዲዱን ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ አቆሙትና ቦታውን መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሉት። ድሬዳዋ የተወለደችው እንዲህ ነው። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሥራው ለዓመታት ሲቋረጥ ደግሞ ድሬዳዋ የሐዲዱ ጫፍ ሆና ቆየች። ዕቃ ሁሉ የሚራገፈውና የሚጫነው እዚያ ነበር፤ ጉምሩኩ፣ መጋዘኑ፣ የባቡር ጥገና ጋራዡ እዚያ ተተከሉ። የፈረንሳይ፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የዓረብና የህንድ ነጋዴ ወደዚያው ጎረፈ። የባቡር ኩባንያው ያቀናው ከዚራ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጥላማ መንገዶቹን ይዞ አደገ፤ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ። «ሸሚኖ» የሚባለው የባቡር ሠራተኛ የራሱ ሙያ፣ የራሱ ማኅበር፣ የራሱ ኩራት ያለው የከተማ ሰው ሆነ። ኋላም የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጣ፤ መጫኛ ሐዲድና ብረት መቀጥቀጥ የሚያውቅ ሠራተኛ ቀድሞ ነበረና።

ከጥቅሙ ውጭ የቀሩት ግን ብዙ ናቸው። የሲራራ ነጋዴው ማረፊያ ጊልዴሳ ተረሳች። የዘይላ ወደብ ንግዱን ለጅቡቲ አስረክቦ ፈዘዘ። ሐረር በታሪኳና በትምህርቷ ጸናች፤ የንግድ መሪነቱን ግን ከተራራው ግርጌ ላለችው ታናሽ እህቷ ለቀቀች።

አሮጌው ባቡር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ እየተዳከመ ሥራ ሲያቆም የድሬዳዋ ጎዳናዎች ጸጥ አሉ፤ ከተማዋ ግን አልጠፋችም። በጎረቤት ኬንያ የእንግሊዞቹን የቅኝ ግዛት ባቡር ያጠኑት ሬሚ ጄድዋብ፣ ኤድዋርድ ከርቢና አሌክሳንደር ሞራዲ ያገኙትም ይህንኑ ነው። ሐዲዱ ዳር የበቀሉ ከተሞች፣ ባቡሩ ራሱ ከተዳከመና ጭነቱ ወደ መኪና ከተሻገረ በኋላም ትልልቅ ሆነው ቀጥለዋል። ጣቢያ የሚተከልበትን ቦታ የሚወስን መሐንዲስ የመቶ ዓመት የሕዝብ አሰፋፈር እየወሰነ ነው።

ይህን ወደ ቦንጋ ስናመጣው ጉዳዩ ይከብዳል። የጭነት ባቡር ዳገት አይወድም፤ በመቶ ሜትር ርቀት ሁለት ሜትር መውጣት እንኳ ይፈትነዋል። ከጅማ ወደ ካፋ የሚሻገር መስመር መጀመሪያ ወደ ጎጀብ ሸለቆ መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያ ወደ ደጋው መውጣት አለበት። ቦንጋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በኮረብታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ርካሹ መንገድ ቦንጋን ከላይ ትቶ በግርጌዋ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። ሐረር ላይ የሆነው ቦንጋ ላይ እንዳይደገም የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ የለም።

ፈጣን ባቡር በሠሩ አገሮች ተመሳሳዩ ነገር በበለጠ ፍጥነት ታይቷል። ጃፓን በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮንና ኦሳካን በሺንካንሰን ስታገናኝ ዓለም ተደነቀ። በ1997 እ.ኤ.አ. የሺንካንሰን መስመር ወደ ናጋኖ ሲዘረጋ ግን አንድ የሚያስተዛዝብ ነገር ተከሰተ። ቀድሞ የነባሩ መስመር ፈጣን ባቡር ይቆምባት የነበረችው ኮሞሮ የምትባል አሮጌ የንግድ ከተማ ከአዲሱ መስመር ውጭ ቀረች፤ ጣቢያው በአጎራባቿ ሳኩ ሜዳ ላይ ተተከለ። ሳኩ ላይ ገበያ አዳራሽና ሆቴል በቀለ፤ ኮሞሮ እየቀዘቀዘች ሄደች። ጃፓኖች ለሌላም ክስተት ስም አላቸው፦ የመምጠጫ ቀሰም ውጤት ይሉታል። ትንሽ ከተማ ከትልቅ ከተማ ጋር በፈጣን ባቡር ስትገናኝ፣ ትልቁ ከተማ በቀሰሙ ሸማቹን፣ ተማሪውንና የኩባንያ ቅርንጫፉን ወደ ራሱ ይስባል።

ቻይናም ከዚህ አላመለጠችም። ዛሬ ከ40 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ የፈጣን ባቡር መስመር ያላት አገር ከዚያ በፊት በ2004ና በ2007 እ.ኤ.አ. ነባር መስመሮቿን አፋጥና ነበር። ኢኮኖሚስቷ ዩ ቺን በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በተፋጠነው መስመር ላይ እያሉ ፈጣኑ ባቡር የማይቆምባቸው የገጠር አውራጃዎች ምርታቸው ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል መቀነሱን አሳይተዋል። ምክንያቱ በዋናነት ኢንቨስትመንት ወደ ትልልቆቹ ከተሞች መሸሹ ነበር። ባቡሩ በደጃቸው እያለፈ ደኸዩ።

በሌላ ወገን ደግሞ የስፔኗ ሲዩዳድ ሪያል አለች። በ1992 እ.ኤ.አ. የማድሪድ–ሴቪያ ፈጣን ባቡር ሲከፈት ይህች ትንሽ ከተማ ከዋና ከተማው ከአንድ ሰዓት በታች ርቀት ላይ ሆነች። ነዋሪዎቿ ቤታቸውን ሳይለቁ ማድሪድ መሥራት ቻሉ፤ የማድሪድ መምህራንም ወደ ዩኒቨርሲቲዋ መመላለስ ጀመሩ። ልዩነቱ ምን ነበር? ባቡሩ ይቆምባታል፤ ከተማዋም ሰው የሚመጣበት ጉዳይ ነበራት። የሞሮኮዋ ታንጀርም እንዲሁ። በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር የሚበረው «አል ቡራቅ» በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር፣ የታንጀር ሜድ ወደብ 11 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የሬኖ መኪና ፋብሪካም ከ2012 ጀምሮ እየሠራ ነበር። ፋብሪካው መኪኖቹን ወደ ወደቡ የሚያደርሰው በፈጣኑ ባቡር አይደለም፤ በተራ የጭነት ባቡር ነው።

እዚህ ላይ የጸሐፊው ፍርድ ግልጽ ይሁን። ፈጣን ባቡር የሚጭነው ሰውን ነው። ለካፋ የሚያስፈልገው ጭነት የሚያነሳ፣ ዘገምተኛ ግን አስተማማኝ ባቡር ነው። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ራሱ በዓለም መለኪያ ፈጣን አይባልም፤ የመንገደኛው በሰዓት 120፣ የጭነቱ 80 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የተነደፈ ነው። እንዲያም ሆኖ በመኪና ከሁለት እስከ ሦስት ቀን የሚፈጀውን የወደብ ጉዞ ከአንድ ቀን በታች አውርዶታል። ለቡና ላኪ ይህ በቂ ነው። የጎደለው ነገር ሌላ ነው፦ አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ እምብርት ርቀው በመተከላቸው፣ አሮጌው ባቡር በየጣቢያው ያቆማቸው የነበሩት ትንንሽ ገበያዎች ከአዲሱ ጋር አልመጡም።

ኮምቦልቻ ሌላውን ስጋት ታስተምራለች። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያን ባቡር ለመሥራት ከቱርኩ ያፒ መርኬዚ ጋር ውል የተፈረመው በ2012 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ባቡሩን ተስፋ አድርጎ ነበር። ሐዲዱ ተነጠፈ፤ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ሳይሟላ ቀረ፤ ጦርነት መጣ፤ መስመሩ ተዘረፈ። ኬንያ ውስጥም ከሞምባሳ የተነሳው አዲስ ባቡር በ2019 እ.ኤ.አ. ናይቫሻ አካባቢ ሲደርስ ብድሩ ተቋርጦ የኡጋንዳን ድንበር ሳያይ ቆመ። መንግሥት ኮንቴይነሮች በግድ በባቡር እንዲጫኑ ሲያዝ ደግሞ ኑሯቸው በጭነት መኪና ላይ የቆመ የሞምባሳ ሰዎች አደባባይ ወጡ። በቂ ጭነት ሳይኖረው የሚዘረጋ ሐዲድ ሕዝብን ባለዕዳ ያደርጋል።

ካፋ ምን ያህል ጭነት አለው? ሁሉም ቡና ይላል። ቡናን በቁጥር እንየው። ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ወደ ውጭ የላከችው ቡና ከ460 ሺሕ ቶን በላይ፣ ገቢውም ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በታሪኳ ከፍተኛው ነበር። በጅቡቲው መስመር ላይ አንድ ባቡር እስከ 3,500 ቶን እንዲጎትት ታስቦ ተሠርቷል። የፉርጎዎቹ ክብደት ቢቀነስ እንኳ፣ የመላ አገሪቱ የዓመት የወጪ ቡና ሁለት መቶ ገደማ ባቡሮችን ይሞላል። በሳምንት አራት ማለት ነው። ካፋ ከዚህ ውስጥ ድርሻው ጥቂቱ ነው። ቡና ዋጋው ከባድ፣ ክብደቱ ቀላል ዕቃ ነው፤ የዶላር ጌታ እንጂ የባቡር ቀለብ አይሆንም።

እንግዲያው መስመሩን የሚመግበው ሌላ ከባድ ጭነት መሆን አለበት፤ የካፋ ትልቁ ስጋት የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ከባድ ነገር እንጨት ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን የተፈጥሮ ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል፤ የጥብቅ ሥፍራው ጠቅላላ ስፋት ከ700 ሺሕ ሄክታር በላይ ነው። የዱር ቡና አሁንም በጥላ ሥር ራሱን ችሎ የሚበቅልበት፣ ዓለም በሽታንና ሙቀትን የሚቋቋም የቡና ዘር ወደፊት ሊፈልግበት የሚችል ጫካ ነው። ፓናማ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. በጨረታ ዓለምን ያስደነቀው የጌሻ ቡና እናት ዘሩ የተሰበሰበው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነበር። ዘሩ የወጣው ያለ ባቡር ነው፤ ሀብቱ ግን ተመልሶ አልመጣም። ሐዲድ ደን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከሐዲዱ ይልቅ የሚከተለው መንገድ፣ ከሰል፣ መጋዝና ሰፋፊ እርሻ ነው ጫካን የሚያጠፋው።

ኢንዱስትሪ ወደ ገጠር የሚመጣው በምን ምክንያት እንደሆነ ለማየት ከቦንጋ ብዙ መራቅ አያስፈልግም፤ የውሽውሽ የሻይ እርሻ አለ። የሻይ ቅጠል ከተቀነጠሰ በኋላ ብዙ ሰዓት ሳይቆይ መዘጋጀት አለበት፤ ስለዚህ ፋብሪካው የግድ ከማሳው አጠገብ ነው። ቀይ እሸት ቡናም በተለቀመ ቀን መፈልፈል ስለሚኖርበት ማጠቢያ ጣቢያዎች ወደ ገበሬው ቀርበዋል። ጀንፈል ግን ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ለዚህም በጆንያ ተጭኖ ይሄዳል። የተቆላ ቡናማ መዓዛው ቶሎ ስለሚነጥፍ የሚቆላው በጠጪው አገር ነው። ባቡር ቢመጣ ቦንጋ የቡና መቁያ ከተማ ትሆናለች የሚለው ተስፋ ስለዚህ ብዙም አያስኬድም። የሚያስኬደው ማር ማጣራት፣ ኮረሪማና ጥምዝ ማበጠርና ማሸግ፣ ቀርከሃን ወደ ወለልና ቤት ዕቃ መለወጥ፣ ቡናን በዓይነትና በቀበሌ ለይቶ በአካባቢው መጋዘን አዘጋጅቶ ኮንቴይነር ውስጥ አሽጎ መላክ ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች ይይዛል። ያ ኮንቴይነር ቦንጋ ላይ ቢታሸግ ለቀሚው፣ መራጩ፣ ጫኙና መዝጋቢው የካፋ ወጣት ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ ከታሸገ ግን ባቡሩ ጆንያ ብቻ ሳይሆን ወጣቱንም ይዞ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በቦንጋ ቅርንጫፍ መጋዘን አለው፤ ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም ይሠራል። ለመጀመር ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም።

ሕዝቡስ? በ1999ኙ ቆጠራ የካፋ ዞን ነዋሪ ከ870 ሺሕ በላይ ነበር፤ ከተሜው ከመቶ ስምንት እንኳ አይሞላም። ቦንጋ ያኔ 20 ሺሕ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆና ቀድሞ ከተከፈተባት ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቢሮው፣ ሠራተኛው፣ ቤት ፈላጊው ተጨምሮባታል። ሐዲድ ሲታከልበት የግንባታ ሠራተኛ፣ ነጋዴና መሬት ፈላጊ መምጣቱ አይቀርም። ካፋ ድንገተኛ የሕዝብ ዝውውር ምን እንደሚመስል ያውቃል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ካሰፈራቸው 600 ሺሕ ገደማ ሰዎች ከፊሉ ወደ ቀድሞው ካፋ ክፍለ ሀገር ነበር የመጣው። ሰፋሪው በረሃብ ተሰዶ መጣ፤ ነባሩ ሳይጠየቅ ደኑንና መሬቱን አካፈለ። ሁለቱም ተጎድተዋል።

ዛሬ ከመስመሩ ማን ይነሳል የሚለው ጥያቄ ገና ሐዲዱ ሳይታይ መልስ የሚሻው ለዚህ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለልማት ተነሺ ካሳ ይሰጣል፤ ካሳው የሚሄደው ግን ይዞታውን ማስረዳት ለሚችል ነው። በካፋ ጫካ ውስጥ ቀፎ የመስቀልና ቡና የመልቀም መብት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው «ኮቦ» በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ነው፤ በኋላም አሳታፊ የደን አስተዳደር ማኅበራት በስምምነት ሰነድ የመጠቀም መብት አግኝተዋል። ከሁሉም በላይ ኑሯቸውን ከጫካ የሚያገኙት የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት፣ ለዘመናት ተገልለው የኖሩ፣ በእጃቸው የይዞታ ደብተር የሌላቸው ብዙ ናቸው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሲቆረጥ የቀፎው ባለቤት ምን ያገኛል? ሕጉ በአሁኑ ንባቡ ለዚህ አጥጋቢ መልስ የለውም።

መስመሩ በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ ላይሠራ ይችላል፤ ብድሩ ከባድ ነው፤ የኮምቦልቻውም ሥራ ገና ሳያልቅ ቆሟል። ሆኖም የመስመር ጥናት የሚሠራው ከግንባታው ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው፤ መሬት የሚሸጠውና የሚገዛውም ጥናቱ በሹክሹክታ ሲሰማ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና የክልሉ መንግሥት የጅማ–ጉራፈርዳን መስመር ጥናት ቦንጋ ላይ ለሕዝብ ይክፈቱት። ጣቢያው የት እንደሚተከል፣ ጥብቁን ደን በየት በኩል እንደሚያልፈው፣ የኮቦና የማኅበር መብት እንዴት እንደሚመዘገብ ከገበሬው፣ ከዩኒየኑ፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከማንጆ ሽማግሌዎች ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። እስከዚያው ከቀበሌ ወደ አስፋልቱ የሚያወጡት የክረምት ጭቃ መንገዶች ይጠገኑ፤ ቦንጋ ላይ ኮንቴይነር የሚታሸግበት ግቢ ይዘጋጅ። ይህ ሥራ የባቡር ብድር አይጠብቅም፤ በሚመጣው በጀት ዓመት ሊጀመር ይችላል።